የተሰወረውን የአንጎል ዕጢ ያሳየ መሐንዲስ፦ የሰር ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ ሕይወትና ሥራ

በየሆስፒታሉ የምስል ምርመራ ክፍል ተራቸውን ከሚጠብቁ ተገልጋዮች መካከል ብዙዎቹ በያዙት የማዘዣ ወረቀት ላይ ሲቲ ስካን የሚል ቃል ተጽፎ ያገኛሉ። ስሙ በኅብረተሰቡ ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፣ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ፣ ከተራ ራጅ በምን እንደሚለይና ሐኪሙ ለምን እንዳዘዘው በቂ ግንዛቤ ሳይዙ ወደ ምርመራ የሚገቡ ጥቂቶች አይደሉም። በተለይ የአንጎል ዕጢ ሲጠረጠር ታማሚውም ቤተሰቡም በስጋት ይዋጣሉ። ስጋቱ አንዳንዱን ከምርመራ ያስቀረዋል፤ ሌላውን ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከአንድ የምርመራ ማዕከል ወደ ሌላው እየተንከራተተ ገንዘቡንና ጊዜውን እንዲያባክን ያደርገዋል።

አንድን ምርመራ በአግባቡ ለመረዳት ከሚያግዙ መንገዶች አንዱ እንዴት እንደተገኘ ማወቅ ነው። በመሆኑም ይህ ጽሑፍ ሲቲ ስካንን የፈጠሩትን እንግሊዛዊ መሐንዲስ የሰር ጎድፍሪ ሃውንስፊልድን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ያቀርባል፤ በመጨረሻም ከታሪኩ ተነሥቶ ለተገልጋዮች የሚጠቅሙ ነጥቦችን ይዘረዝራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በልዩ ሁኔታ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከእሳቸው በፊት የነበረው ሁኔታ

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዊልሄልም ሮንትገን የራጅ ጨረርን ያገኙት በ1895 ነበር። ግኝቱ በጥቂት ወራት ውስጥ በመላው ዓለም ተሰራጭቶ የተሰበረ አጥንትንና በሰውነት ውስጥ የቀረ ጥይትን ለማየት አገልግሎት ላይ ዋለ። አንጎል ግን ለዚህ ጨረር ሳይገለጥ ቀረ። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች ነበሩ። አንደኛው፣ አንጎል በወፍራም የራስ ቅል አጥንት የታጠረ በመሆኑ የአጥንቱ ጥላ የውስጡን ይሸፍነዋል። ሁለተኛው፣ ጤናማው የአንጎል ሥጋ፣ በውስጡ ያለው ፈሳሽና ዕጢው ጨረሩን የሚያስቀሩበት መጠን እጅግ ተቀራራቢ ስለሆነ በተራ ፊልም ላይ ተለይተው አይታዩም።

ስለዚህ ሐኪሞች ዕጢውን በቀጥታ ማየት ሲያቅታቸው ዱካውን መከተል ጀመሩ። አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዋልተር ዳንዲ በ1918 በአንጎል ውስጥ ወዳሉት የፈሳሽ ክፍተቶች አየር በማስገባት ራጅ ማንሣት የሚቻልበትን ዘዴ አስተዋወቁ፤ በቀጣዩ ዓመትም አየሩን በወገብ በኩል በመርፌ ማስገባት እንደሚቻል አሳዩ። ፖርቱጋላዊው ሐኪም ኤጋሽ ሞኒዝ ደግሞ በ1927 በሊዝበን ከተማ ጨረር የማያሳልፍ ፈሳሽ በአንገት የደም ሥር ውስጥ በመርጨት የአንጎልን የደም ሥሮች በፊልም ላይ ማየት ቻሉ። የፈሳሹ ክፍተት ወደ አንድ ወገን ከተገፋ፣ ወይም የደም ሥሩ ከመደበኛ መስመሩ ከወጣ፣ በዚያ አካባቢ ዕጢ ሊኖር እንደሚችል ይገመት ነበር።

እነዚህ ዘዴዎች ለዘመናቸው ታላቅ እርምጃ ነበሩ፤ የብዙዎችንም ሕይወት አትርፈዋል። ሆኖም ለታማሚው ከባድ ነበሩ። አየር የገባለት ሰው ለቀናት በብርቱ ራስ ምታትና በትውከት ይሠቃያል፤ የደም ሥር ምርመራውም የራሱ አደጋ ነበረው። ከዚህ ሁሉ በኋላም የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ የራስ ቅል የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ ግምትን ይዞ ነበር። የሃውንስፊልድ ሥራ የመጣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ልጅነትና አስተዳደግ

ጎድፍሪ ኒውቦልድ ሃውንስፊልድ ነሐሴ 28 ቀን 1919 በእንግሊዝ አገር ኖቲንግሃምሻየር በተባለው ግዛት፣ ኒውአርክ በተሰኘች ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አምስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ገበሬ ስለነበሩ ልጅነታቸውን ያሳለፉት በእርሻ ቦታ ላይ ነው። ከታላላቆቻቸው በዕድሜ የራቁ በመሆናቸው ብዙውን ጊዜ ለብቻቸው ይውሉ ነበር፤ ብቸኝነቱንም በእርሻ ማሽኖችና በኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሞሉት።

ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ በራሳቸው እጅ የድምፅ መቅረጫ ሠርተዋል። በራሳቸው የሠሩትን ክንፍ ይዘው ከድርቆሽ ክምር ላይ በመዝለል የአየር ላይ መንሳፈፍን ሞክረዋል። በአንድ ወቅትም ውኃ የተሞላ የሬንጅ በርሜል በአሴቲሊን ጋዝ ኃይል ምን ያህል ከፍታ ሊወረወር እንደሚችል ለማየት ባደረጉት ሙከራ ለሕይወታቸው የሚያሰጋ አደጋ ደርሶባቸው ለጥቂት ተርፈዋል። በትምህርት ቤት ግን ከፍተኛ ውጤት ከሚያመጡት ተማሪዎች ወገን አልነበሩም። ያለ ችግር ይከታተሏቸው የነበሩት ሒሳብና ፊዚክስ ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲም አልገቡም።

በጦርነቱ ዘመን የተገኘ ትምህርት

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ሲቃረብ በበጎ ፈቃደኝነት የብሪታንያን አየር ኃይል ተቀላቀሉ። አየር ኃይሉ የሚሰጣቸውን የሬዲዮ መጻሕፍት በራሳቸው አጥንተው ፈተና በማለፍ የራዳር መካኒክ ሆኑ፤ ቆይቶም በክራንዌል የራዳር ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነው ተመደቡ። በትርፍ ጊዜያቸው ለማስተማሪያ የሚረዱ መሣሪያዎችን ይሠሩ ነበር፤ ለዚህም በ1945 የምስክር ወረቀት ተሸለሙ።

ሥራቸውን የተመለከቱ አንድ ከፍተኛ የአየር ኃይል መኮንን ከጦርነቱ በኋላ የትምህርት ድጎማ እንዲያገኙ ረዷቸው። በዚህም ድጋፍ በለንደን በሚገኘው ፋራዴይ ሐውስ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ኮሌጅ ገብተው በዲፕሎማ ተመረቁ። የነበራቸው መደበኛ የከፍተኛ ትምህርት ይኸው ነበር። የሕክምና ትምህርት አልተማሩም፤ የዶክትሬት ዲግሪም አልነበራቸውም። የዓለምን ሕክምና የለወጠው ሥራ መነሻ ያደረገው በተግባር የተገኘ ዕውቀትንና አንድ የመንግሥት ተቋም በወቅቱ የሰጠውን ድጋፍ ነው።

በኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ

በ1951 ኢ.ኤም.አይ. በተባለው የብሪታንያ ኩባንያ ተቀጠሩ። ኩባንያው በሙዚቃ ሸክላዎቹ በሰፊው ይታወቅ እንጂ የራዳርና የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎችም ይሠራ ነበር። ሃውንስፊልድ መጀመሪያ በራዳር፣ በኋላም በኮምፒውተር ሥራ ላይ ተሰማሩ። ከ1958 ጀምሮ ኢሚዴክ 1100 የተሰኘውን ኮምፒውተር የሠራውን ቡድን መርተዋል። ይህም ሙሉ በሙሉ በትራንዚስተር የሚሠራና ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው የብሪታንያ ትልቅ ኮምፒውተር እንደሆነ ይነገርለታል።

ከዚያ በኋላ የተሰጣቸው የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ፕሮጀክት ግን አዋጭ አይደለም ተብሎ ተቋረጠ። ኩባንያው ከሥራ አላሰናበታቸውም፤ ወደ ምርምር ክፍሉ አዛውሮ ቀጥሎ ምን ሊጠና እንደሚገባ እንዲያስቡ ጊዜ ሰጣቸው።

የ1967ቱ ሐሳብ

ሃውንስፊልድ በእግር ረጅም መንገድ መጓዝ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ኮምፒውተር ቅርጾችን ለይቶ እንዲያውቅ ስለማድረግ ያስቡ በነበረበት በ1967 አንድ ጥያቄ አነሡ። የተዘጋ ሣጥን ሳይከፈት ከየአቅጣጫው ጨረር ቢያልፍበትና በሌላው ወገን የሚወጣው የጨረር መጠን በትክክል ቢለካ፣ ከልኬቶቹ ተነሥቶ በሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ማስላት ይቻል ይሆን? የሒሳቡ መልስ አዎንታዊ ነበር። ሣጥኑም የሰው ራስ ሊሆን እንደሚችል ተገነዘቡ።

የሐሳቡን ፍሬ ነገር በቀላሉ ለመረዳት በመሶብ የተደረደረ እንጀራን ማሰብ ይቻላል። ተራ ራጅ የተደራረቡ ነገሮችን ጥላ በሙሉ በአንድ ፊልም ላይ ስለሚያትም የታችኛውን ከላይኛው ለመለየት ያስቸግራል። አዲሱ ዘዴ ግን እያንዳንዱን እንጀራ ለብቻው አንሥቶ ዓይን በዓይን እንደማየት ነው። ራስ በስስ ንብርብሮች እንደተከፈለ ተቆጥሮ፣ የእያንዳንዱ ንብርብር ምስል ለብቻው ይሰላል። ከዚህም በላይ ተራው ፊልም የማይለየውን ጥቃቅን የጨረር ልዩነት ኮምፒውተሩ በቁጥር መዝግቦ ይይዘዋል። ጨረሩ ሁልጊዜም ስለ አንጎል መረጃ ይዞ ይወጣ ነበር፤ የጎደለው መረጃውን ሰብስቦ ጥቅም ላይ የሚያውል ዘዴ ነበር።

የመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት ድርሻ

የዚህ ፈጠራ ወጪ የተሸፈነው ኩባንያው ዘ ቢትልስ ከተባለው የሙዚቃ ቡድን ሸክላ ሽያጭ ባገኘው ትርፍ እንደሆነ በተደጋጋሚ ይነገራል። ነገሩ በዚህ ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ኩባንያው በሕክምና መሣሪያ ገበያ ልምድ ስላልነበረው ብቻውን ከፍተኛ ገንዘብ ለማውጣት አመነታ። በዚህ ጊዜ የብሪታንያ የጤናና የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ሐሳቡን መርምሮ የወጪው ተካፋይ ለመሆን ወሰነ። ውሳኔው የተሰጠው መሣሪያው ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ባልታወቀበት ወቅት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

መሥሪያ ቤቱ ያደረገው ድጋፍ በገንዘብ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። መሐንዲሱን ከራዲዮሎጂ ሐኪሞች ጋር አገናኝቷል። ከእነዚህም መካከል በለንደን ዊምብልደን በሚገኘው አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የሚሠሩት ዶክተር ጄምስ አምብሮስ ዋነኛው ነበሩ። ሃውንስፊልድ መለካትንና ማስላትን ያውቁ ነበር፤ በየትኛው የአንጎል ክፍል ምን መታየት እንዳለበት የሚያውቁት ግን ሐኪሙ ነበሩ። የሁለቱ ሙያዎች መገናኘት ሥራውን ከቤተ ሙከራ ወደ ሆስፒታል አሻገረው።

ሙከራዎቹ

የመጀመሪያው የሙከራ መሣሪያ የተሠራው በአንድ አሮጌ የቶርኖ ማሽን መቀመጫ ላይ ነው። የጨረር ምንጩም አሜሪሲየም ከተባለ ንጥረ ነገር የሚወጣ ጋማ ጨረር ነበር። ጨረሩ ደካማ በመሆኑ ለአንድ ምስል የሚያስፈልገውን ልኬት ለመሰብሰብ 9 ቀናት፣ ኮምፒውተሩ ለማስላት ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ወሰደ። በጋማው ምትክ የራጅ ጨረር ሲገባ 9ኙ ቀናት ወደ 9 ሰዓታት ወረዱ።

ቀጥሎ በመድኃኒት ተጠብቆ በቆየ የሰው አንጎል ላይ በተደረገው ሙከራ ግራጫውና ነጩ የአንጎል ክፍል ተለይተው ታዩ። ውጤቱ አስደሳች ቢሆንም አንድ ችግር ነበረበት፤ አንጎሉን ለማቆየት የተጠቀሙበት ፎርማሊን ልዩነቱን አጋኖት ነበር። ሃውንስፊልድ በተገኘው ውጤት ከመርካት ይልቅ በሕይወት ወዳለ አካል በሚቀርብ ትኩስ ናሙና ማረጋገጥን መረጡ። ለዚህም የበሬ አንጎል አስፈለጋቸው። በተለመደው ቄራ ከብቱ ከመታረዱ በፊት ራሱን ስለሚመታ በአንጎሉ ውስጥ ደም ይፈስ ነበር፤ በመሆኑም በአይሁድ ሥርዓት ከሚታረድበት ቄራ ትኩስ አንጎል እየወሰዱ ሙከራውን ደገሙ። ልዩነቱ ከበፊቱ ቢያንስም በግልጽ ይታይ ነበር። ሥራው መቀጠል እንዳለበት የተረጋገጠው በዚህ ነው።

መስከረም 20 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለሰው አገልግሎት የተሠራው የመጀመሪያው መሣሪያ በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል ተተከለ። ጥቅምት 1 ቀን 1971፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 20 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ በአንጎላቸው የፊት ክፍል ዕጢ እንዳለ የተጠረጠረ አንዲት ሴት ለምርመራ ቀረቡ። ታማሚዋ በጀርባቸው ተኝተው ራሳቸው በላስቲክ ሽፋን በኩል ውኃ ወዳለበት ሣጥን ገባ። ጨረሩ ከአንድ ወገን ወደ ሌላው እየተጓዘ፣ በየጉዞው መጨረሻ መሣሪያው አንድ ዲግሪ እየዞረ ራሳቸውን ለካ። ለአንድ ዙር የሚወሰደው ልኬት በ180 ማዕዘኖች፣ በእያንዳንዱ ማዕዘን 160 ንባብ፣ በድምሩ 28,800 ንባብ ነበር።

ልኬቱ በመግነጢሳዊ ቴፕ ተቀርጾ ወደ ሌላ ሥፍራ ተወስዶ በኮምፒውተር ተሰላ። የወጣው ምስል በቁመትም በወርድም 80 ነጥቦች ብቻ የነበሩት ሲሆን ዛሬ ከምናውቀው አንጻር እጅግ ሸካራ ነበር። ሆኖም በግራ በኩል ባለው የአንጎል የፊት ክፍል ፈሳሽ የቋጠረው ዕጢ ክብ ሆኖ በግልጽ ታየ። ዕጢውን ያወጡት የቀዶ ሕክምና ሐኪምም በቀዶው ወቅት ያገኙት በምስሉ ላይ ከታየው ጋር የሚስማማ መሆኑን አረጋገጡ። አየር ሳይገባ፣ የአንገት የደም ሥር ሳይወጋ፣ የራስ ቅል ሳይከፈት፣ በሕይወት ያለ ሰው አንጎል ውስጥ ያለ ዕጢ በዚህ መልክ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር።

ሃውንስፊልድና አምብሮስ ውጤታቸውን በሚያዝያ ወር 1972 በብሪታንያ የራዲዮሎጂ ተቋም ጉባኤ ላይ ለሙያ ባልደረቦቻቸው አቀረቡ። በ1973 መሣሪያው በአሜሪካ ሆስፒታሎች መተከል ጀመረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከራስ አልፎ መላ ሰውነትን የሚመረምር መሣሪያ ተሠራ። አየር በማስገባት ይደረግ የነበረው አሠቃቂ ምርመራም ቀስ በቀስ ቀረ።

ክብርና የኋለኛው ዘመን

ሃውንስፊልድ በ1979 የሕክምና የኖቤል ሽልማትን ተቀበሉ። ሽልማቱን የተጋሯቸው በደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ የተወለዱት የፊዚክስ ሊቅ አለን ኮርማክ ናቸው። ኮርማክ በኬፕታውን በሚገኝ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ክፍል በትርፍ ጊዜያቸው ሲሠሩ ባደረባቸው ሐሳብ ተነሥተው ለዚህ ዓይነቱ ምስል የሚያስፈልገውን ሒሳብ በ1963 እና በ1964 አሳትመው ነበር። ጽሑፎቹ በወቅቱ ትኩረት አልሳቡም፤ ሃውንስፊልድም ሥራቸውን ያከናወኑት ከእሳቸው ጋር ሳይገናኙ ነው። ከሁለቱ ተሸላሚዎች አንዳቸውም ሐኪም አልነበሩም።

በ1981 የብሪታንያ መንግሥት የሰርነት ማዕረግ ሰጣቸው። ሃውንስፊልድ ግን አኗኗራቸውን አልለወጡም። ትዳር አልመሠረቱም፤ የእግር ጉዞና ፒያኖ መጫወት ይወዱ ነበር። የጨረሩን የመጠን ልዩነት የሚገልጸው መለኪያም በስማቸው ተሰይሟል። በዚህ መለኪያ ውኃ 0፣ አየር ደግሞ ከዜሮ በታች 1000 ነው፤ አጥንት ከውኃ በላይ ከፍተኛ ቁጥር ይይዛል። ዛሬ በየትኛውም አገር ሲቲ ስካን የሚያነብ ሐኪም በእነዚህ ቁጥሮች ይጠቀማል።

እሳቸው ቆመው ሳሉ የአንጎል ምስል ምርመራ ወደ ሌላ ምዕራፍ ተሸጋገረ። በመግነጢስ ኃይልና በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራው ኤምአርአይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጎልብቶ የአንጎልን ሥጋ ከሲቲ ስካን በላቀ ዝርዝር ማሳየት ቻለ። ሃውንስፊልድ አዲሱን ዘዴ የሥራቸው ተቀናቃኝ አድርገው አልተመለከቱትም፤ ራሳቸውም በእሱ ላይ ምርምር አድርገዋል። ነሐሴ 12 ቀን 2004 በለንደን አቅራቢያ በ84 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ተገልጋዮች ከዚህ ታሪክ ምን ይጠቀማሉ?

የሃውንስፊልድ መሣሪያ ያስገኘው ጥቅም በትክክል በተጠየቀ ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነበር። ሐኪሙ አስቀድመው ታማሚዋን መርምረው፣ የት ምን ሊገኝ እንደሚችል ጠርጥረው ነበር፤ ምስሉ ለዚያ ጥርጣሬ መልስ ሰጠ። ይህ ዛሬም አልተለወጠም። ስለዚህ ተገልጋዮች የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ እንዲሉ ይመከራል።

1. አብዛኛው ራስ ምታት ከአንጎል ዕጢ ጋር ግንኙነት የለውም። ሆኖም ከዚህ በፊት ያልነበረና ከቀን ወደ ቀን የሚብስ፣ በተለይም ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሡ ከትውከት ጋር የሚመጣ ራስ ምታት፣ በአዋቂ ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከሰት የሚጥል ሕመም፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የዕይታ፣ የንግግር ወይም የጠባይ ለውጥ ሲያጋጥም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

2. ምርመራውን ማዘዝ የሐኪም ሥራ ነው። ተራ የራስ ራጅ የአንጎል ዕጢን ለመለየት አይበቃም። ሲቲ ስካን ፈጣን በመሆኑ በተለይ የደም መፍሰስንና የአጥንት ስብራትን ለማየት ይመረጣል። ኤምአርአይ ደግሞ ትናንሽ ዕጢዎችንና በአንጎል የታችኛው ክፍል ያሉትን አጉልቶ ያሳያል። የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚወሰነው በሕመሙ ዓይነት እንጂ በዋጋው ከፍተኛነት አይደለም።

3. ለሐኪሙ የተሟላ መረጃ ይስጡ። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ እንዴት እንደተለወጠና የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ምን እንደሆኑ መግለጽ ምስሉን የሚያነበው ባለሙያ የት ማተኮር እንዳለበት ይጠቁማል። የሪፈር ወረቀቱም ይህን የያዘ መሆኑን ያረጋግጡ።

4. ከምርመራው በፊት እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ፣ የኩላሊት ሕመም ካለብዎ ወይም ቀደም ሲል በመርፌ በሚሰጥ የምስል ማጉያ መድኃኒት አለርጂ ከደረሰብዎ ያሳውቁ። ለኤምአርአይ ከሆነ በሰውነትዎ ውስጥ ያለ ማንኛውንም ብረት ወይም የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ አስቀድመው ይናገሩ።

5. ሲቲ ስካን በጨረር የሚሠራ በመሆኑ ያለ በቂ ምክንያት ሊደጋገም አይገባም፤ ለሕፃናት ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሆኖም ሐኪም አስፈላጊነቱን አምኖበት ሲያዘው ጨረሩን በመፍራት ምርመራውን መተው የባሰ ጉዳት ያስከትላል።

6. የቀድሞ ፊልሞችን፣ ሲዲዎችንና የውጤት ወረቀቶችን አይጣሉ። ዕጢ አድጓል ወይስ ባለበት ቆይቷል የሚለውን ለመወሰን ሐኪሙ አዲሱን ምስል ከቀድሞው ጋር ማነጻጸር ይኖርበታል። ቀድሞ የተነሣ ምስል አንዳንድ ጊዜ አዲስ ምርመራንና ተጨማሪ ወጪን ያስቀራል።

7. በምስል ላይ ዕጢ መታየቱ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ከአንጎል ዕጢዎች መካከል ካንሰር ያልሆኑና በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ሊወጡ የሚችሉ አሉ። የዕጢው ዓይነት በእርግጠኝነት የሚታወቀውም አብዛኛውን ጊዜ ናሙና ተወስዶ በቤተ ሙከራ ሲመረመር ነው። ውጤቱን ከሐኪምዎ ጋር ሳይመክሩ ተስፋ አይቁረጡ፤ ክትትልዎንም አያቋርጡ።

ሃውንስፊልድ ከአንድ አሮጌ የቶርኖ መቀመጫ ተነሥተው ለሰው ልጅ ያበረከቱት መሣሪያ በየጊዜው እየተሻሻለ፣ የቀናት ልኬቱ ወደ ሰከንዶች ወርዶ በእጃችን ገብቷል። መሣሪያው ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው ግን ታማሚው ምልክቱን ሳይደብቅ በወቅቱ ሲቀርብ፣ ሐኪሙ በጥንቃቄ መርምሮ ሲያዝና ምስሉ ከቀድሞው መረጃ ጋር ተገናዝቦ ሲነበብ ነው። በመሆኑም ከላይ ከተገለጹት ምልክቶች አንዱ በራስዎ ወይም በቤተሰብዎ ላይ ከታየ፣ በአቅራቢያዎ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ቀርበው እንዲመረመሩ በአክብሮት እናሳስባለን።